የወንድሜ ሰርግ፣ የኔ ፓራውልት

በወንድሜ ሰርግ ዋዜማ፣ ሙሽራዋን ላመጣባት ያሳመርኳትን መኪና ወደ ኋላ ስነዳ ከአጥራችን ጋር አላተምኳትና የኋላ ፓራውልቷ ተሰነጠቀ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የጅጅጋ ጋራዦች ለጁምዓ ሰላት ዘግተዋል። እኔው ፈታሁት፣ የፕላስቲኩን ስንጥቅ በጋለ ካቻቢቴ እያቀለጥኩ ገጠምኩት፣ አጥቤም ደጃፌ ላይ በጀርባው አስተኛሁትና ምሳ ልበላ ገባሁ።

ስወጣ ደጃፌ ፍየል በፍየል ሆኗል። ሁላችንም ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምንላቸው አሮጊቷ ጎረቤታችን ሆዳን፣ ከጄሪካን ፓራውልቴ ውስጥ ውሃ ይገለብጣሉ፤ ፍየሎቹ ይጠጣሉ።

«በዚህ ድርቅ ለእንስሳ ገንዳ ያስቀመጠ ሰው ሰደቃው ትልቅ ነው። አላህ ይቀበልህ ልጄ» አሉኝ።

ባለ ሚኒባሱ ጎረቤቴ አብዲም ከበሩ ላይ ሆኖ «አሚን» አለ።

ከዚህ ሁሉ ምርቃት በኋላ እንዴት ብዬ የመኪናዬ ነው ልበል? እኔም አሚን አልኩና ጎንበስ ብዬ የገጠምኩትን አየሁ። ጠብታ አያፈስም። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሙሽሪትን ፓራውልት በሌላት መኪና፣ በጭፈራ ይዘናት መጣን። ደጃፌ ስንደርስ ከገንዳዬ ጎን ሌላ ገንዳ ተቀምጧል። ቀና ብዬ የአብዲን ሚኒባስ አየሁ፤ የኋላ ፓራውልት የላትም።