ነጠላ የለበሰችው ጠመንጃ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ጸደይ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሳን ሆዜ ካለ አንድ ሱቅ ጠመንጃ ገዛሁ። እኔ! እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ የምውል፣ በግ ሲታረድ እንኳን ፊቴን የማዞር ሴት።

ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ነበር። የወጣቶች የዕረፍት ካምፕ ሄዳ የወረቀት ዒላማ መትታ ከተመለሰች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ያገለገለች፣ ቀጭን፣ በትንሿ ጥይቷ ልክ «ሃያ ሁለት» የሚሏት ጠመንጃ ናት። ዋጋዋ ከልጄ ስኒከር ብዙም አይበልጥም፤ ሃምሳ ጥይት ደግሞ በአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋ ይገኛል። ከፍሎ ለመረከብ ሕጉ አሥር ቀን ያስጠብቃል። ልጄ የጾም መፍቻ እንደሚጠብቅ ሰው ቆጠረችው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ቆጠርኩ።

ባለቤቴ ግን ጨነቀው። ኦክላንድ ታክሲ ይነዳል፤ በወጣትነቱ ዘምቷል። «መሣሪያ ቤቴ አይገባም» አለ። ስለምነው ከርሜ፣ «እሺ፣ ቅዳሜ ስትተኩሱ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ካልወደድኩት ጠመንጃዋ ትሸጣለች» አለኝ። ልጄ ዓርብ ማታ እራት አልበላ አላት።

ቅዳሜ ጠመንጃዋን ከሱቁ ተረክበን ተራራ ሥር ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ሄድን። እሱ ጆሮውን ሸፍኖ፣ እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆመ። ልጄ ተኮሰች። የጠመንጃዋ ድምፅ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ባቄላ ነው፤ ጧ! ወረቀቱ መሐል ተበሳ።

«ማም፣ ዩር ተርን!» አለች፤ ተራሽ ነው ማለቷ ነው።

አማተብኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቃታውን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ለዒላማ ሩቅ የተሰቀለችው ብረት ቅጭል አለች። ልቤ ዘለለች!

ከዚያ የመለማመጃው ተቆጣጣሪ ዒላማ እስኪቀየር ተኩስ እንዲቆም አዘዘ። ልጄ ጠመንጃዋን ባዶ መሆኗን አሳይታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሁላችንም ወደ ኋላ ሄድን። ነፋስ መጣ፣ አቧራ አነሣ። እኔ ሳላስብ ተመልሼ ጠመንጃዋን ነጠላዬን አለበስኳት።

«እጅሽን አንሺ! ወደ ኋላ!» ተቆጣጣሪው ጮኸ። «ተኩስ በቆመ ሰዓት ጠመንጃ አይነካም! ሁለተኛ ከነካሻት ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ!»

ነጠላዬን ላነሣ ብል ይህንንም ከለከለኝ። አለቀልን አልኩ። ልጄ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አባቷን አየች። እሱ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ክርስትና ልታስነሺያት ነው እንዴ?»

ቆይቶ ሳቁን ተወና ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ አየ። ማንም ጠመንጃውን አልነካም። «እኛ በዘመትንበት ሁሉም ጣቱ ቃታ ላይ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «እዚህ ጨርቅ ማንሣት እንኳን ክልክል ነው።»

ተኩሱ እንደገና ሲፈቀድ ወደ ልጃችን ሄደ። «እስቲ አንድ ጥይት ስጪኝ።»

«ዳድ፣ መጀመሪያ እኔ ያልኩህን ብቻ ነው የምታደርገው!»

«እሺ፣ አለቃዬ።»

ብረቷን መታ። እኔ እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ወደ ቤት ስንቃረብ ፍሪሞንት ላይ፣ ባለቤቴ «የት ነው የምናስቀምጣት?» አለ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ልጄ ከኋላ ወንበር በደስታ ጮኸች።

በማግስቱ እሑድ አስቀደስኩ። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ገዛሁ፤ ባለቤቴ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በቡሎን ሲያስረው እኔ ደግፌ ያዝኩለት።