በአባቴ ደረት የገባው መርፌ

«አንቺ ልጅ፣ ከሐኪሙ መርፌ ያንቺ አፍ ይወጋል» አሉኝ አባቴ፣ ሸሚዛቸውን እያወለቁ።

ከሸዋ ተዛውረው መቐለ የመዝገብ ጸሐፊ ከሆኑ ቆይተዋል። ያን ሰሞን ቀኝ ጎናቸውን ውጋት ያዛቸው። ሁለት ጊዜ ዋግምት ታገሙ፤ ምንም አልተሻላቸውም። እኔ ደግሞ «በዚህ ዓይነት ፋሲካን አያዩም» ብያቸው ነበር።

የሆስፒታሉ ጣሊያናዊ ሐኪም በራጅ ሲያያቸው ቀኝ ሳንባቸው አጠገብ ጥላ አገኘ። ውሃ ይሁን መግል ወይስ ክፉ እባጭ፣ በመርፌ ቀድቶ ካላየው መድኃኒቱን አያውቅም። በልጅነቴ አስመራ ካቶሊክ መነኩሲቶች ዘንድ የተማርኩት ጣሊያንኛ ለዚህ በጀ፤ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። «ሳንባውን እንዳልነካ መርፌውን በራጁ መስታወት እያየሁ ነው የማስገባው። እሱ ግን እንዳይንቀሳቀስ» አለኝ።

ምንም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

«ሳንባዬን ቢነካውስ?»

«ሊሞቱ ይችላሉ። ዝም ብለው ቢቀመጡም ይሞታሉ።»

«እሰይ፣ የኔ አጽናኝ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋረደ። በመስታወቱ አረንጓዴ ብርሃን የአባቴ ጎድኖች ታዩ፤ በረዥሙ ማተባቸው የተንጠለጠለው የብር መስቀል ግን ጥላው ላይ ተጋድሟል።

«ይውለቅ» አለ ሐኪሙ።

አባቴ ተነሡ። «ማተቤን ከምፈታ በሽታዬን ይዤ መቃብር እገባለሁ!»

«ማን ፍቱ አለዎት? እኔ በጀርባዎ ጎትቼ እይዘዋለሁ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። የሐኪሙ አስታማሚ በትግርኛዋ «ኣጆኹም ኣቦይ» ብላ አይዞዎት አለቻቸው። መርፌው ሲጠጋ ግን ጮክ ብለው «በስመ አብ» ብለው ጀመሩ፤ ደረታቸው ተንቀሳቀሰ። ሐኪሙ እጁን መልሶ ተቆጣ። በሌላው እጄ አፋቸውን ከደንኩት።

«አባባ፣ ለዛሬ በልብዎ ይበሉት። እግዜር እንደሆነ ይሰማል።»

ከንፈራቸው መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካደግሁ ወዲህ እንዲያ ቀርቤያቸው አላውቅም። መርፌው ገባ። እሳቸውም አልተነፈሱ፣ እኔም አልተነፈስኩ። የመርፌው ስሪንጋ በደፈረሰ ቢጫ ውሃ ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እንደገና በራጅ አያቸው፤ ሳንባቸው አልተነካም። የውሃው ነገር ግን በዓይን አይለይም፤ ሳይበላሽ አስመራ ደርሶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና ሊነሣ ነበር፤ ውሃውን በጠርሙስ እኔ ላድርሰው አልኩ።

«ሴት ልጅ ብቻዋን?» አለች ልትጠይቃቸው የመጣችው አክስቴ።

አባቴ ከተኙበት ሆነው «ለሾፌሩ እዘኚለት» አሏት።

ጉልበታቸውን ስሜ፣ ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ወደ መኪናው ሄድኩ።