የቦይለሩ ካርታ

ሰው ሁሉ «እንፋሎት» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት የያዙትን የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ጡረታ ሲወጡ ለአማቻቸው አስረከቡ። የፋብሪካው አለቃ ሥራቸውን አንድ በአንድ ጠይቋቸው ጻፈና ለኤአይ ሰጠው፤ ባንዴ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ቅርንጫፉ የበዛ ካርታ ሣለለት። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አማቻቸው «ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን እኮ ሰቀሉት!» ብሎ አሳቃቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ቦይለሩ ፈንድቶ አማቻቸውን ገደለው።

በተቀበረ ማግስት ሽማግሌው ፋብሪካ ሄደው ካርታውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንዲት ነገር ጎደለች። ያ የተረገመ፣ ግፊት ሲበዛ የሚከፈት የእንፋሎት ማስተንፈሻ ሲያድር ይጣበቃል፤ እሳቸው እሳት ከመለኮሳቸው በፊት በመፍቻ ኳ ያደርጉት ነበር። እጃቸው ለምዶት እንጂ አስበውት አያውቁም፤ ያላሰቡትን ከየት አምጥተው ይናገሩ?

ባሏን ያጣችው ልጃቸው ተከትላቸው መጥታ ከኋላቸው፣ «አባዬ፣ ሁሉንም ነግረሃቸው ነበር አይደል?» አለች።

ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደበቁ።