«ፑት ኦፍ»ን የተማርንበት ከሰዓት

አምቦ፣ ቢሮአችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥልጠና ሲጀመር ከኔ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ለመማር ጓጉቼ እንዳይመስላችሁ። ከባልደረቦቼ ሁሉ የኔ እንግሊዝኛ ይሻላል ብዬ ስለማምን፣ ይኸው የሚታይበት ቀን መጣ ብዬ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ እንቀመጣለን። አሠልጣኛችን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ፣ ለከተማው አዲስ የሆነ ወጣት መምህር ነበር።

በየቀኑ ሁለት ቃል ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥበትን ግሥ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል፤ እኛ ደግሞ በየተራ ዓረፍተ ነገር እንሠራበታለን። ዓረፍተ ነገሩ ከራሳችን ኑሮ የተወሰደ፣ እውነተኛ መሆን አለበት። «ጆን ገበያ ሄደ» አይሠራም። በትክክል የመለሰ ሰው ይጨበጨብለታል። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት አድርሰን የመጣን ሰዎች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስናጨበጭብ ቆይተን እንወጣለን። «ጊቭ አፕ»ን የተማርን ዕለት ገንዘብ ያዧ ስኳር እርግፍ አድርጋ መተዋን በእንግሊዝኛ አበሰረችን፤ ሞቅ አድርገን አጨበጨብንላት። ወዲያው በሻይ ሰዓት ስኳሩን በማንኪያ እየደጋገመች ስትጨምር ያዝኳት። «እሱ እኮ ለክፍል ነው!» አለችኝ።

ያን ሰሞን እናቴ ባኮ ታማብኝ ነበር። እህቴ አብራት ነበረች። ሰኞ ልሄድ ተነስቼ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያዘኝና ለቅዳሜ አደረግኩት። ባኮ ቆላ ነው፤ ሰው በሸሚዝ የሚውልበት አገር። እሷ ግን በስልክ «በረደኝ» ስላለችኝ ወፍራም ሹራብ ገዝቼ በፌስታል ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጬላታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቢሮው ጠባዩን ለወጠ። የሰው ኃይል ክፍሏ ጓደኛዬ ጠዋት «ስልኬ ተዘጋብኝ፣ ያንቺን አውሺኝ» ብላ ወስዳ ሳትመልስልኝ ቀረች። ኔትወርክ ሲያሻው የሚመጣበት ሲያሻው የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ስልኬንም ብዙ አልፈለግኩት። ሰላምታ እንኳ የሚከብደው ኃላፊያችን «ምሳ በላሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የከሰዓቱ ስብሰባ ተሰረዘ። ሰው ሁሉ እኔ ስገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ሞኟ ይህን ሁሉ ምን ብዬ ተረጎምኩት? ልሾም ነው! እንዲያውም ወንበሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቢቀመጥ ይሻላል እያልኩ አዲሱን ቢሮዬን በሐሳቤ ማስተካከል ጀምሬ ነበር።

ከሰዓት አሠልጣኙ «ፑት ኦፍ» ብሎ ጻፈ። አንድን ነገር ለሌላ ጊዜ ማቆየት እንደሆነ አስረዳን። እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁና ወደ ባኮ መሄዴን ለቅዳሜ እንዳስተላለፍኩ፣ እናቴም እየጠበቀችኝ እንደሆነ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ተናገርኩ። አሠልጣኙ «ኤክሰለንት!» አለ። ጭብጨባ ግን የለም ማለት ይቀላል። ሁለት ሦስት ሰው እጁን አነካካ፤ ጓደኛዬ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ተናደድኩ። ሹመቱ ሳይነገር ቅናቱ ጀመረ አልኩ በሆዴ።

ተራው ከመዝገብ ቤቱ ጋሼ ደረሰ። ጡረታ የቀረባቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ውሸት አይሆንላቸውም፣ እንግሊዝኛም አይሆንላቸውም። ተነሥተው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። አሠልጣኙ «ከዛሬ ውሎዎ፣ እውነተኛ ነገር» እያለ አደፋፈራቸው። በመጨረሻ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ቱዴይ... ዊ ፑት ኦፍ... ዘ ባድ ኒውስ» አሉ። ክፉውን ወሬ ዛሬ አቆየነው ማለታቸው ነው።

አንድም ስሕተት የለውም። ጋሼ ደግሞ ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። ጭብጨባ ምን እንደሚመስል ለእነዚያ ቀናተኞች ላሳያቸው ብዬ ብድግ አልኩና መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ብቻዬን። አሠልጣኙ ሊያግዘኝ እጁን አንሥቶ፣ የሰዉን ፊት ሲያይ መልሶ አወረደው።

ጋሼ እኔን ያዩኛል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ወደ በሩ ዞር ስል ጓደኛዬ በአንድ እጇ ስልኬን፣ በሌላው የሹራቡን ፌስታል ይዛ ቆማለች። ዕቃዬን ሰብስባልኛለች። ከውጭ የመኪና ሞተር ይሰማል። ያኔ ገባኝ። እጆቼ አየር ላይ እንደተለያዩ ቀሩ።

እህቴ ጠዋት ቢሮ ደውላ ኖሯል። ባልደረቦቼ መኪና ለምነው፣ «ትንሽ ጠንቶባት ነው» ብለው ሊወስዱኝ፣ መንገድ ላይ እጃጂ ከተማ አክስቴ ቤት አሳድረው ሲነጋጋ በሽማግሌ ሊያረዱኝ ተስማምተዋል። ወጉ ነው፤ ሰው ሳረዳ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ያም ሆኖ ቢሮው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻዬን ስለ ወንበር አቀማመጥ ሳስብ መዋሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሼ ከቀብሩ በኋላ ባኮ ድረስ መጡ። «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሉኝ፣ እግዜር ያጽናሽ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሹራቡ ጭኔ ላይ ነበር፣ ከፌስታሉ እንኳ አላወጣሁትም። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ ምላሴን ብትቆርጪው አይወጣኝም ነበር» አሉ። «በእንግሊዝኛ ስለው የነገርኩሽ አልመሰለኝም። ጥያቄ የመለስኩ ነው የመሰለኝ።»

ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስተካከልኩት።

«ደግሞ ስታጨበጭቢ ጊዜ፣ ለካ ቀድማ አውቃለች፣ ጌታ አበርትቷታል ብዬ ነበር።»

«አይ ጋሼ» አልኳቸው፤ «ትክክል ስለነበር ነው ያጨበጨብኩት።»