ባዶውን ጥምቀተ ባሕር ያስጎበኘሁበት ቀን

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ረቡዕ ነበር። የአስጎብኚዎች ኃላፊ የነበሩት ሰው አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ፣ ጃንጥላና በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ ንግግር ሰጡኝ። «ይህን በቃልሽ ያዢ። ያልተጻፈ ነገር ከጠየቁሽ ፈገግ ብለሽ ወደ ቀጣዩ ክፍል እለፊ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ከደብረ ታቦር የመጡ አሥራ አንድ መምህራን ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አንድ ጢማም መምህር ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። «ስልሳ» አልሁት። ሰውዬው ጮክ ብሎ እየቆጠረ ወጣ። ስልሳ ሳይደርስ ደረጃው አለቀ። «የቀረውን ከየት እናምጣው፣ እህቴ?» አለኝ። ጓደኞቹ ከግቢው እስኪወጡ ድረስ ሳቁብኝ።

በማግስቱ ሜትርና ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ያልቆጠርሁትን ቁጥር፣ ያልለካሁትን ልክ ለጎብኚ ተናግሬ አላውቅም።

በእኛ ሥራ እርከን አለ። ጀማሪው በር ላይ ተራ ይጠብቃል። ከፍ ያለው በቀጠሮ የመጣ ቡድን ይይዛል። ከሁሉም በላይ ያለው የስብሰባ እንግዶችን ይመራል። የስብሰባ እንግዳ ከባድ ነው። ያለው ግማሽ ቀን ነው፤ ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ደክሞታል፤ ከመካከላቸው ደግሞ ከአስጎብኚው የበለጠ የሚያውቅ አይጠፋም።

እነዚህን እንግዶች በአውቶቡስ ወስደን አንድ ግንብ ፊት ለፊት ፎቶ እናስነሳቸውና ወደ ምሳ እንነዳቸው ነበር። እኔ የሕንፃ ጉብኝት ይሁን እል ነበር። በእግር ከግንቡ ተነስተን፣ ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ዘመን ቤቶች አይተን፣ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር እንጨርስ እል ነበር። የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ታከለ ለዓመታት «ማን በእግሩ ይሄድልሻል?» ሲሉኝ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ የመሐንዲሶች ስብሰባ ወደ ጎንደር ሲመጣ «አንድ ጊዜ ሞክሪው» አሉኝ።

ስህተቱን የሠራሁት እዚያው መጀመሪያ ላይ ነው። የጉብኝቱ ብሮሸር ሽፋን ላይ ጥምቀተ ባሕሩ ሞልቶ፣ በመካከሉ ያለው ሕንፃ በውሃው ላይ ጥላውን ጥሎ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። ስብሰባው በግንቦት ነው። ውሃው የሚሞላው ለጥምቀት ብቻ ነው። የጎንደር ሰው ግን ያንን ቦታ ሲያስብ ሞልቶ ነው የሚታየው። ባዶውን ገንዳ በየቀኑ እያለፍነው ዓይናችን ውሃ ይጨምርበታል። እኔም «ይታተም» ብዬ ፈረምሁ።

ሦስት ቀን ሲቀረው አቶ ታከለ ቢሮ ጠሩኝ። እንግዶቹ በውሃው ላይ የሚታየውን የሕንፃውን ጥላ ፎቶ ለማንሳት እንደተዘጋጁ ጽፈውላቸዋል።

«ውሃ ማስሞላት አይቻልም?» አሉኝ።

«ለጥምቀት እንጂ ለስብሰባ አይሞላም።»

«እንግዲያው ይሰረዝ። ኮሶዬ ወስደን ገደሉን ይዩ፣ ምሳ ይብሉ።»

«ከተሰረዘ የሕንፃ ጉብኝት የሚባል ነገር አበቃ ማለት ነው።»

«አዎ፣ አበቃ። ወስደሻቸው ቢያጉረመርሙም አበቃ። አንቺም ወደ በር ተራሽ ትመለሻለሽ።»

«እሺ» አልሁ። እሺ ያልሁት ለመመለሱ ነው፤ ለመሰረዙ አይደለም።

ከቢሮ በቀጥታ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሄድሁ። ጥበቃው አያ ማሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በየዓመቱ ገንዳው ከመሞላቱ በፊት ደለል የሚጠርጉት እርሳቸው ናቸው።

«አያ ማሩ፣ ሠላሳ መሐንዲስ ላመጣ ነው።»

«ምነው፣ ባዶውን?»

«ባዶውን።»

«ሸጋ ነው። ሲሞላ'ኮ ሰው እንጂ ሕንፃ አይታይም» አሉኝ።

እርሳቸው ይህን ሲሉ ነው ሕንፃውን ከሥር የማሳየቱ ሐሳብ የመጣልኝ። መሰላላቸውን አምጥተው ገንዳው ውስጥ አወረዱኝ። ከአሥር ዓመት በላይ ሳስጎበኝበት ወለሉን ረግጬ አላውቅም ነበር። ሕንፃውን የተሸከሙትን ቅስቶች ከሥር አየኋቸው። ውሃው በየዓመቱ ድንጋዩ ላይ የተወውን ምልክት በሜትሬ ለካሁ። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚመጣበትን ቦይም ከአያ ማሩ ጋር በእግራችን ተከተልነው። በማግስቱ የፈቃድ ደብዳቤ አጽፌ ማኅተም አስመታሁ። በመሰላሉ አንድ በአንድ እንዲወርዱ፣ ግድግዳውን የያዘውን የዛፍ ሥር እንዳይነኩ ይላል። አያ ማሩ የራሳቸውን አንድ ጨመሩ፤ «የጥምቀት ስፍራ ነው፤ ጫማ ይወልቃል።»

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። ግንቡም ፒያሳውም ደህና አለፈ። ጥምቀተ ባሕሩ ስንደርስ መሪያቸው ዶክተር ሰብለ ብሮሸሩን ከፍ አድርገው ያዙ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው።

«ውሃው የታለ?»

«የለም። የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ፎቶውን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ውሃ ሲኖር የማይታየውን ግን ዛሬ ላሳያችሁ እችላለሁ።»

ከኋላ አንድ ወጣት መሐንዲስ «ባዶ ጉድጓድ ሊያስጎበኙን ነው!» አለ። ጥቂቶቹ ሳቁ። ሁለቱ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። አያ ማሩ መሰላሉን አቁመው «ጫማ» አሉ።

ከዚያ ዶክተር ሰብለ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። ሌሎቹም ተከተሉ። «ባዶ ጉድጓድ» ያለው ልጅ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። «ጉድጓዱ እዚህ ነው ለካ!» አሉት ጓደኞቹ።

ከቅስቶቹ ሥር ሲደርሱ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ቅስቱን ወደ ላይ ያያል፤ ሌላው ድንጋዩን በጣቱ ያንኳኳል። የለካሁትን ነገርኋቸው። ያላወቅሁትን ሲጠይቁኝ «አላውቅም» እያልሁ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። አንዱ የውጭ አገር እንግዳ ገንዳው እንዴት እንደሚደርቅ ጠየቀ። ጥያቄውን ተርጉሜ ለአያ ማሩ ሰጠሁ።

«ወለሉ ያዘነብላል። ወደዚያ ጥግ ነው የሚሄደው» አሉ በበትራቸው እያመለከቱ።

ካልሲው የተቀደደው ልጅ ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ስልኩ ውስጥ የወለል ዝንባሌ የሚለካ ውሃ ልክ አለው። «አይደለም፣ አባባ። ወደዚህ ነው የሚያዘነብለው» አለ ተቃራኒውን እያሳየ።

«ይኸ ማኪና ደለል ጠርጎ ያውቃል?» አሉት አያ ማሩ።

ሁሉም ሳቁ። ዶክተር ሰብለ ግን አልሳቁም። የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ከፍተው ወለሉ መካከል አፈሰሱት። ሃያ ስምንት የተማረ ሰው በባዶ እግሩ ከብቦ ጎንበስ አለ። ውሃው ጥቂት ቆመ። ልጁ ወዳሳየው አቅጣጫ ትንሽ ሄደ። ከዚያ በአንድ ድንጋይ ዙሪያ ታጠፈና ተመልሶ፣ ቀስ እያለ፣ አያ ማሩ ወዳመለከቱት ጥግ ጉዞ ጀመረ።

ጭብጨባው ዛፉ ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሳ። ልጁ መጥቶ የአያ ማሩን እጅ ጨበጠ። «ስልኬ ያረፈው አንድ ድንጋይ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ወለሉን ሁሉ ያውቁታል» አላቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት አያ ማሩ ሆኑ፤ የእኔ ሥራ ለውጭ አገር እንግዶቹ መተርጎም ብቻ ሆነ። ወደ አውቶቡሱ የተመለሱትም ሁለት ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

አቶ ታከለ ስልክ ደወሉ። «የት ናችሁ? ምሳው ቀዘቀዘ'ኮ!»

«ገንዳው ውስጥ ነን።»

«ምን ሆናችሁ?»

«አንወጣም ብለዋል።»

አቶ ታከለ በባጃጅ ደረሱ። ከላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። ዶክተር ሰብለ ከሥር ሆነው «ዛሬ ያልመጡትን የስብሰባውን ተሳታፊዎች ነገ ጠዋት እናመጣቸዋለን፤ ይቻላል?» አሏቸው። «ይቻላል» አሉ አቶ ታከለ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «ይቻላል አይደል?» አሉኝ። አያ ማሩ ከእኔ ቀድመው «ጫማ ካወለቁ» ሲሉ መለሱ።

እሑድ አርባ ሦስት ሰው አወረድን። የሕንፃ ጉብኝቱ በድርጅታችን ዝርዝር ውስጥ ቋሚ ሆነ፤ እኔም ወደ በር ተራ አልተመለስሁም። ከዚያ ወዲህ ጎንደር የሚመጡ የስብሰባ አዘጋጆች አስቀድመው የሚጠይቁን ገንዳው ባዶ መሆኑን ነው። አያ ማሩም ከጥበቃው በተጨማሪ የእኛ ቡድን ሲመጣ በባለሙያነት አበል ይከፈላቸዋል፤ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ስማቸው ከእኔ ስም በፊት ይጻፋል።

ለጀማሪዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ጉብኝቱ ሳይደርስ ቦታው ሂዱና በዚያ ሰሞን ያለውን እዩ። እንግዶቹ ሲመጡ ያንኑ አሳዩአቸው።