ያቃሰተ ውሃ ይሸከማል

ወደዚያ ጠጠራማ ኮረብታ እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የጓዱ አባላት ዘጠኝ ነበርን። ከደቡብ ኦሞ የመጣነው ሦስት፤ እኔና ታደሰ ከጂንካ፣ ዋሌ ከካኮ አጠገብ።

አስቀድሜ የምናገረው አለ። በማሠልጠኛ ሳለን አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር፤ ያቃሰተ የሁላችንን ውሃ ይሸከማል። አለቃ አላዘዘኝም። ታደሰ እግሩ ተልጦ «ወይኔ» ባለ ጊዜ ጀሪካኑን ሦስት ቀን አሸከምነው። «ሙሽሪት፣ እንዳይፈስብሽ» እያልን ሳቅንበት። ዋሌ ግን ጀሪካኑን ነክቶት አያውቅም። «አንተ የጂንካ ልጅ፣ እኔን በዚህ አታገኘኝም» ይለኝ ነበር።

ትእዛዙ በደረሰን ማግስት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ወጣን። መትረየስ ከግራ አጨደን። ሦስት ጓዶች ከመጀመሪያው ቋጥኝ አላለፉም። የቀረነው አናቱ ላይ ያለውን የጠላት ምሽግ ያዝን። ዋሌ ካፖርቱን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ተመታህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ፊትህ ገርጥቷል።»

«ውሃ ልታሸክመኝ ፈልገህ ነው» አለና ፈገግ አለ።

እኔም ሳቅሁ። ፋሻው በኪሴ ነበር። የሕክምና ባለሙያው ቢጠሩት በሚሰማበት ርቀት የሌሎችን ቁስል ያስር ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ታደሰ ዋሌን ሊያነሣው መጣ። አልተነሣም። ካፖርቱን ሲገልጠው ከሥሩ ያለው አፈር በደም ላቁጧል። ጥይቱ የገባው ከጉልበቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ በጊዜው ጠበቅ አድርገው ቢያስሩት የሚገድል ቁስል አልነበረም። ታደሰ ቀና ብሎ አየኝ።

«ደንብህን ጠበቀልህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

ዛሬ በጂንካ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ስለ ጤናና ራስን ስለ መጠበቅ አስተምራለሁ። ፋሻ ማሰር በአንድ ቀን ይለምዳሉ። የሚከብዳቸው በሰው ፊት «አሞኛል» ማለት ነው። በቅርቡ አንዱ ተነሥቶ ሲሞክር ሌሎቹ ሳቁበት። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁና ስለ ዋሌ ነገርኳቸው። «ደንቡን ያወጣው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልደበቅሁም።

ከዘጠኛችን አራት ሞቱ። ሦስቱን ጠላት ገደላቸው።