ለእናቴ የጻፍኩት አንድ መስመር

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ከአጋሮ መጥቶ ሱሪ አሳጥሪልኝ አለኝ። ግራ እግሩ ከቀኙ ያጥራል፤ ከጦርነቱ ይዞት የመጣው ነው። ተንበርክኬ ስለካው ስንት ዓመት የዋጥኩትን ነገር አወጣሁት።

አባታችን ከከምባታ ተነስቶ ለቡና ለቀማ አጋሮ የገባው እኛ ልጆች ሳለን ነው። ቤት ውስጥ በከምባትኛ እንጸልያለን፣ ገበያ በኦሮምኛ እንገዛለን፣ ደብዳቤ በአማርኛ እንጽፋለን። የልቤን የምናገርበት የትኛው እንደነበር ዛሬም ግራ ይገባኛል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ስፌት እንድማር ጅማ፣ ጅሬን፣ ልብስ ሰፊዋ አደ ዘይነባ ዘንድ ተላክሁ። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ክር ያልገባበት የእግር መኪና ስረግጥ ከረምኩ። "መጀመሪያ እግርሽ ይማር" ይሉኝ ነበር።

ቡናው መቅላት ሲጀምር አንድ ቀን ከሰዓት ማቴዎስ በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበታል። ያኔ ወጣቱን ከየገበያው እያፈሱ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ይጭኑት ነበር። አደ ዘይነባ ምንም ሳይጠይቁት የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡለት።

"ሊሙ ልሄድ ነው፤ ቡና እየለቀምኩ እደበቃለሁ" አለኝ እየጎረሰ። "ለእማዬ ደህና ነው ብለሽ ጻፊላት። የት እንዳለሁ ግን እንዳትጽፊ።"

"እሺ" አልኩት።

ከልቤ ነበር። ስጽፈው ግን "ደህና ነው" የሚለው ባዶ ሆነብኝ፤ ልጇ ለሞተባትም እናት እኮ እንደዚያው ይጻፍላታል። እናቴ እንድታምነኝ ብዬ "ሊሙ ቡና እየለቀመ ነው" የምትል መስመር ጨመርኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም። የሚያነብላት ጎረቤታችን የቀበሌው ጸሐፊ ነበር። ይህን ረስቼው ነው? ወይስ ሰውየውን አምኜው? አላውቅም።

ወር ሳይሞላ ማቴዎስ ሊሙ ከሚለቅምበት ማሳ መያዙን ሰማሁ። ስሙን ጠርተው ነው የወሰዱት አሉ። የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ ለአደ ዘይነባም ሁሉን ነገርኳቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አፈሳ ደብዳቤ አይጠብቅም። አላህ ያውቃል" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ለምን ጻፍሽው?" አሉ።

የትኛውን ልያዝ?

ጦርነቱ አልቆ እያነከሰ ሲመለስ እናቴ እልል አለች፤ እኔ ግን ስለ ደብዳቤው አልነገርኩትም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ዝም አልኩ። መለኪያውን አስቀምጬ ነገርኩት።

"ጸሐፊው ነው ያነበበላት?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ ያስያዘኝ ደረጀ ነው ብዬ ነበር።"

ደረጀ አብሮት ሊሙ የሸሸ ጓደኛው ነው። በዚያን ቀን አሞት ከለቀማ ቀርቶ ስለነበር አልተያዘም። ማቴዎስ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን አላናገረውም፤ ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆመም።

ሱሪውን ሳይወስድ ሄደ። ጸሐፊው የለም፣ እናቴ የለችም፤ እውነቱን የሚነግረን ሰው አልቀረም። ሸክሜን ላወርድ ነበር የተናገርኩት፤ እሱ ላይ ጫንኩት መሰለኝ። ባልናገር ይሻል ነበር? አንዳንዴ አዎ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ደረጀ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ማቴዎስ ደወለ። "የደረጀ ሚስት ሊሙ ከልጇ ጋር ነው አሉ የምትኖረው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

እሄዳለሁ አልኩት። ምን እንደምንላት ግን ሁለታችንም አናውቅም።